ሰርቪስ የሚሉት ቃልና ሦስተኛው ዲያቆን

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ጸደንያ ፈንታሁን፣
ሻርጃ።

እንዴት ከረምሽልኝ? አሸዋና ፎቅ ብቻ በሚታይበት አገር የሰው ፊት አያሳጣሽ። የማዳምሽን ልብ ያራራልሽ፤ አልራራም ካለ ጉልበቷን ቁርጥማት ይያዝልሽና አንቺን ስትከታተል ከመዋል ተቀምጣ ትዋል። እኔ የአክስትሽ የአበቡ ልጅ፣ ዲያቆን አለኸኝ፣ በሚካኤል ጥበቃና በእናቴ ጩኸት መካከል ደህና ነኝ። አባትሽ የኔታ ቄስ ፈንታሁንም ደህና ናቸው። የእሳቸውን ደህንነት ታውቂዋለሽ፤ ይቀድሳሉ፣ ይቆጣሉ፣ «ወይ ጉልበቴ» ይላሉ፣ አረፍ ብለው እንደገና ይቆጣሉ።

ደብዳቤ ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ፤ የሞተ የለም። ከነሐሴ ወዲህ ኔትወርክ ስለጠፋ ነው። ስልኬ ግንባሩ ላይ በእንግሊዝኛ «ኖ ሰርቪስ» የሚል ለጥፎ ቁጭ ብሏል። አንዳንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳለሁ፤ ከታች የሚያየኝ ሰው የምጸልይ ስለሚመስለው በሰፈሩ ስሜ ትንሽ ታድሷል። ይቺን ወረቀት ለሚኒባሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ፣ እሱ ደሴ ፎቶ ኮፒ ቤት ለምትሠራው ለዘመዳችን ለሀይማኖት ያደርሳታል፣ እሷ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች። የአንቺንም መልስ አትማ በሚኒባሱ ትሰድልኛለች። (ሀይማኖት፣ እንደምታነቢው አውቃለሁ። ሰላም ብያለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ዝለይው፣ ስላንቺ ነው።)

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ሰርቪስ ማለት አገልግሎት ማለት ነው» ብሎ ቃሏን በአንድ መስመር ሸኛት። እኔም ከዚያው ክፍል ተሸኘሁ። አሁን ሥራ ስፈታ ብከታተላት እንደ ፍየል የማትገባበት አጥር የለም። የመንገድ ሥራው ሰዎች ጠዋት ጠዋት የሚጫኑበት ፒካፕ ሰርቪስ ነው። ባጃጅ ዘይት ሲቀየርለት ሰርቪስ ገባ ይባላል። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ መረብ ኳስ ሲጫወቱ መጀመሪያ የምትለጋዋ ኳስ ሰርቪስ ናት፤ እኔ ስለጋት አጥር ዘላ የሰው ጎመን ውስጥ ትገባለች። ጡረታ የወጡት መምህር «ሠላሳ ዓመት ሰርቪስ አለኝ» ሲሉ ሰምቼ መኪናውን የት እንደደበቁት ብጠይቃቸው በከዘራቸው ነካ አደረጉኝ። አዲሱ ሆቴል ደግሞ ሰርቪሱ ጥሩ ነው ይባላል፤ ሻይ አዝዘሽ ገበያ ደርሰሽ ብትመለሺ ገና ውኃው እየተጣደ ነው።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ልመናዬን ለማለዘብ ነው። እቴ፣ ውሰጅኝ።

ወላሂ ደከመኝ። (የኔታ «ዲያቆን ሆነህ ወላሂ?» ይሉኛል፤ ድካሜ የሚበቃው መሐላ ግን ሌላ አላገኘሁም።) ሚካኤል ቤት የቀረነው አምስት ነን። ቄስ አባትሽና ቄስ የኋላሸት፤ ዲያቆን ኢዛና፣ ቃለ ክርስቶስና እኔ። ቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልሞላ አይቀደስም፤ አንድ ከጎደለ ሕዝቡ ኪዳን ሰምቶ ወደ ቤቱ ነው። ስለዚህ እኔ ካመመኝ ሚካኤል አመመው፣ እኔ ገበያ ከወረድኩ ሚካኤል ገበያ ወረደ። የአንድ ሰው ጉንፋን እንዴት የአገር ጉዳይ ይሆናል? ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ከዚህ ግቢ ርቄ ሄድኩ የምለው ወግዲ ድረስ ነው፤ እሱም ለበግ ነው።

የማዳምሽ ወንድም ከብት ያረባል፣ ሠራተኛም አይበረክትለትም ብለሽ ነበር። እኔ እበረክታለሁ። ለአባትሽ እንዳትነግሪያቸው፤ ብትፈልጊም በምን ትነግሪያቸዋለሽ።

ሦስተኛው ዲያቆን፣
አለኸኝ


ሻርጃ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአለኸኝ፣

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ ምላስህንም አብሮ ይጋርድልን። ለአክስቴ ለአበቡ፣ ለአባባ፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ልብስ ማጠቢያው ላይ ተቀምጬ ነው። ሌላ መቀመጫ ስለሌለኝ ነው። አንተ ሰርቪስ ሰርቪስ ስትል የቀረችህን እኔ ልንገርህ። እኔ የምተኛባት ክፍል ሰርቪስ ትባላለች። ማጠቢያ ማሽኑ፣ የመጥረጊያው ዕቃና እኔ አንድ ላይ ነን፤ ማሽኑ ሲዞር አልጋዬም አብሮት ይዞራል። ቆሻሻ የሚወርድበት ሊፍትም ሰርቪስ ነው። ባለቤቶቹ በመስታወቱ ሊፍት ይወጣሉ፤ እኔና ቆሻሻው በሰርቪሱ እንወርዳለን። ከታች መንገዱ ላይ ያለው ሱቅ ሁሉ በሩ ላይ ሰርቪስ የሚል ጽፏል፤ የሚጽፍልህ ሰርቪስ፣ የሚያጥብልህ ሰርቪስ፣ የሚሸከምልህ ሰርቪስ። ማን ማንን እንደሚያገለግል ግን ከስሙ አትለየውም፤ ማን በየትኛው ሊፍት እንደወጣ ማየት ነው።

የማዳም ወንድም ከከተማ ውጭ ፍየልና ግመል አለው። እውነት ነው፤ ሰው አይበረክትለትም። ለምን እንደማይበረክት ደግሞ ሐምሌ ላይ እዚህ ብትሆን ሳልነግርህ ይገባህ ነበር። ፍየል መጠበቅ ካማረህ የአክስቴ ፍየሎች ምን አነሱህ?

አትምጣ። አንተ ከወጣህ ቅዳሴው ይቀራል። እሑድ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሳህን ሳጥብ፣ አሁን ገብተዋል፣ አሁን አባባ ወንጌል ያነባሉ፣ አሁን ሕዝቡ እየወጣ ነው እያልኩ ነው የማጥበው። ያ ከቀረ የሚቀረኝ ሳህኑ ብቻ ነው።

የአባባን ጉልበት እውነቱን ጻፍልኝ። ስትቀልድ የምትደብቀውን አውቃለሁ።

እህትህ ጸደንያ


መካነ ሰላም፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ጸደንያ፣

ያለፈው ገና የደስታ ይሁንልሽ፤ የሚመጣው ጥምቀት ጸበሉ አሸዋውን ተሻግሮ ይድረስሽ። የዘገየሁት ሚኒባሱ መሥራት አቁሞ ስለነበር ነው። ሾፌሩን ምን ሆነህ ነው ብለው «ሰርቪስ ላይ ነኝ» አለኝ፤ ለካ የእሱ ሰርቪስ ማለት ጎማ ፈቶ እያዩ ማሰብ ነው።

የአባትሽን እውነቱን ጻፍ ስላልሽኝ እጽፋለሁ። ገና ዕለት ቅዳሴው ሲረዝም በመቋሚያቸው ላይ ጋደል፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ጋደል አሉ። አሳዘኑኝና የእኔ ተራ በደረሰ ቁጥር ዜማውን ጠቅልዬ ማሮጥ ጀመርኩ። ስንወጣ ጠሩኝ።

«ምን ሆነህ ነው የሮጥከው? ሰርቪስ መኪና ያመለጠው ሰው መሰልክ እኮ።»

«ጉልበትዎን አይቼ ነው፣ የኔታ።»

«ጉልበቴ የእኔ ነው፤ ዜማው የሚካኤል ነው። ለይተህ እዘን።»

ይኸውልሽ እንግዲህ። ጉልበታቸው እንዲህ ነው፣ አፋቸው ደግሞ ምንም አልሆነም።

አትምጣ ያልሽው ቅዳሴው እንዳይቀር ነው አይደል? ሰው ብተካስ? አካሉን ታስታውሺዋለሽ፤ ዲቁና ከተቀበለ በኋላ ትቶ መካነ ሰላም ባጃጅ የሚነዳው። ሄጄ አነጋገርኩት።

«አካሉ፣ ዲቁናህ አለች?»

«አለች።»

«አላፈረስካትም?»

«በምን ጊዜዬ? ቀን ባጃጅ፣ ማታ እናቴ ቤት።»

«ታዲያ ለምን ተውካት?»

«አልተውኳትም፣ ቆማለች። ሰርቪስ ትፈልጋለች እንጂ ሞተሯ ደህና ነው።»

ስለዚህ ሰርቪስ እያደረግኳት ነው። ዜማው ጠፍቶበታል። ጊዜ ስለሌለው ከጎኑ ተቀምጬ እየነዳ አስጠናዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሰው ጭነን ስንሄድ ድምፁ ተከፈተለትና በሙሉ ጉሮሮው «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ከኋላ የነበሩት እናት ከልማድ ብድግ ብለው በጭንቅላታቸው ጣሪያውን መቱት። ይቅርታ ስንጠይቃቸው «ግዴለም ልጆቼ፣ ቅዳሴ ላይ ተቀምጬ የቀረሁበትን አስከፈላችሁኝ» አሉን።

እቴ፣ አካሉ ከያዘልኝ ትወስጅኛለሽ? አዎ ወይም አይ በይኝ። ሳህኑን አትንገሪኝ፤ ስለ ሳህኑ ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ እናቴ ሳህን ስታጥብ ማየት ከብዶኛል።

አለኸኝ


ሻርጃ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአለኸኝ፣

የጾሙን መግቢያ የሰላም ያድርግላችሁ። ከአባባ ጉልበት ላይ ሕመሙን አንሥቶ ወደማላውቀው ሰው ያሻግረው፤ ወደ ማዳም አላልኩም፣ አንተ ነህ ያልከው።

መልስ ሳልሰጥህ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሳስብበት ነው። አካሉ እውነት ተመልሶ ከገባ፣ ቅዳሴውም ካልተቋረጠ፣ እሺ። ማዳምን አነጋገርኳት፤ ወንድሟ በስምህ ቪዛ ሊያወጣ ተስማምቷል። ወደ ደሴ ውረድና ፓስፖርትህን አውጣ።

አንድ ነገር ልንገርህና አትሳቅብኝ። የባጃጇን ሴትዮ አንብቤ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ማዳም መጥታ ግንባሬን በእጇ ነካችኝ፤ ያመመኝ መስሏት ነው። እዚህ ስስቅ አይታኝ አታውቅም። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን በእጅና በቅንድብ ነው የምናወራው። ጀርባዬን ሲያመኝ እንኳ በአማርኛ «ወይ ወገቤ» ስል የሚሰማኝ ማሽኑ ነው። ፍየሎቹ ያሉበት ቦታ ሩቅ ነው፤ ቢሆንም በወር አንዴ ሥጋና ወተት ይዘህ ወደዚህ ትመጣለህ። በሰርቪሱ ሊፍት አብረን እንወርዳለን።

የጫማ ቁጥርህን ላክልኝ። በረሃው ሌሊት ይበርዳል ይላሉ፣ ጃኬት አይቻለሁ።

አባባን ግን ራስህ ንገራቸው። ሳይመርቁህ እንዳትወጣ።

ጸደንያ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ጸደንያ፣

ከጾሙ በረከት ይክፈልሽ፤ ሽሮው ስላልደረሰሽ በረከቱ ብቻ ይድረስሽ። ጫማዬ አርባ ሁለት ነው። በአንዱ እግሬ አርባ አንድም ይሆናል።

ፓስፖርቱ ወጣ። ፎቶው ላይ በግ የሰረቅኩ እመስላለሁ። ሀይማኖት አይታው ኮፒ አድርጋ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች። አካሉም ገብቷል፤ ሁለት እሑድ አብሮን ቀደሰ፣ አልተሳሳተም። የየኔታን ዓይን እያየ ላቡ ሲወርድ ግን በእናትየዋ ጭንቅላት ለተመታው ባጃጅ ያዘንኩለትን ያህል አዘንኩለት።

ለአባትሽ ነገርኳቸው። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ዳዊት ሲደግሙ ጠብቄ ነው።

«የኔታ፣ ልሄድ ነው።»

«ወዴት? ወግዲ?»

«ሻርጃ። ጸደንያ ጋ።»

ዳዊታቸውን አጥፈው አዩኝ። «ምን ልትሠራ?»

«ፍየል ልጠብቅ።»

«በአውሮፕላን ሄደህ?»

«አዎ።»

«ፍየሎቹ ሰምተዋል?»

እኔ ነኝ እንግዲህ በአገሩ ቀልደኛ የምባለው! ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ «አካሉ ቦታህን ይይዛል?» አሉ። ይይዛል አልኩ። «በራስህ ፈቃድ ነው ያመጣኸው?» አዎ አልኩ። «ጥሩ። እንግዲያው ሂድ» አሉኝ።

በቃ። ተቆጥተው አገር ያስለቅቁኛል ብዬ የመልስ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ምናለ ትንሽ ቢለምኑኝ? አንድ ዕንባ፣ ግማሽ ዕንባ እንኳ? ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ ሰው እንደ ተዋሱት ወንፊት መለሱኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ይዤ ቄስ የኋላሸት ቤት እሄዳለሁ፣ ለልጃቸው ለሙሉሐረግ። ዣንጥላዬን ያዝልኝ፤ ከዚያ በሰላም ትሄዳለህ።» ለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አካሉ ድንገት ለቤተ ክርስቲያን የተቃጠለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሙሉሐረግን ታውቂያታለሽ? አሥረኛን የጨረሰችው፣ የጻፍኩትን ሁሉ እያረመች የምትስቅብኝ። ሰርቪስ ስለጋ ኳሴ የምትገባበት ያ ጎመን የእነሱ ጓሮ ነው። ሁልጊዜ እሷ ናት ኳሷን የምትመልስልኝ። አሁን እንግዲህ ለባጃጅ ሾፌር ትመልስ። እኔ ምን አገባኝ፤ መንገደኛ ነኝ።

አለኸኝ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ቪዛህ ወጣ! ወረቀቱን ለሀይማኖት ልኬላታለሁ። የምትበረው ሰኔ 4 ቀን ነው።

ጃኬቱን ገዛሁ፣ ጫማውን ገዛሁ። ኮፍያ ይወድ ይሆን ብዬ ኮፍያም ጨመርኩ። ፊሊፒናዊቷን «ወንድሜ ይመጣል» ማለት በአማርኛ አስተማርኳት፤ ባየችኝ ቁጥር እየደጋገመች ታስቀኛለች። ዛሬ ጠዋት ማዳም ስትቆጣኝ አልሰማኋትም። ሰኔ፣ ሰኔ እያልኩ ነበር።

አውሮፕላኑ ላይ ምግብ ሲያመጡልህ እንዳታፍር። እሱም ሰርቪስ ነው፣ ብላ፤ ከትኬቱ ጋር የተከፈለ ነው። አክስቴ በርበሬና ድርቆሽ ትስጥህ፤ ዕቃህን ከዚያ በላይ አታብዛ።

አባባ እንዴት መረቁህ? ቃል በቃል ጻፍልኝ።

ጸደንያ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴ ጸደንያ፣

እግዚአብሔር ሆደ ሰፊ ያድርግሽ። ዛሬ ከዚህ ሌላ የምመርቅሽ የለኝም። እየጻፍኩ ስቀድ ነው የዘገየሁት፤ ሚኒባሱ ደህና ነው፣ ሾፌሩ ላይ አላሳብብም።

ቄስ የኋላሸት ቤት ሄድን። የኔታና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ከኋላ፣ እኔ ዣንጥላውን ታቅፌ ከአካሉ ጎን፣ ባጃጁ ጉብ ጉብ እያለ። መንገዱን ሙሉ ስነዘንዘው ነበር። «ሙሽራው፣ ቀስ በል። ሙሽራው፣ ጉድጓድ። ሙሽራው፣ ፊትህን ታጥበሃል?» እሱ ደግሞ «አብሽር፣ ሙሽራው ደህና ነው» ይልና ይስቃል። ሽማግሌዎቹም ይስቃሉ። ሰው በእኔ ቀልድ እንደዚያ ሲስቅ አይቼ ስለማላውቅ ኮርቼ ነበር።

ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ ተቀመጡ ቢባል አይቀመጥም፤ የመጣበትን ቆሞ ይናገራል፣ መልሱንም ቆሞ ይጠብቃል። ቄስ የኋላሸት በር ላይ ወጡ። ወንበር ቀረበ፤ የሚቀመጥ የለም። እኔ ዣንጥላውን ዘርግቼ ከየኔታ ኋላ ቆሜያለሁ።

«በደህና ነው የመጣችሁ?» አሉ ቄስ የኋላሸት።

«በደህና ነው። ልጅዎን ሙሉሐረግን ለልጃችን ብለን ነው» አሉ የኔታ።

«ልጃችሁ ማን ነው?»

«የእህቴ የአበቡ ልጅ፣ ዲያቆን አለኸኝ።»

በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ዲያቆን ካለ ብዬ ዞሬ አየሁ። ያየሁት አካሉን ነው፤ የባጃጁ መሪ ላይ ተደፍቶ በሳቅ ሲንፈራፈር ክላክሱ ይጮኻል።

ቄስ የኋላሸት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሽማግሌ ሲላክ ሙሽራው ቤቱ ተደብቆ ነው የሚጠብቀው። ዣንጥላ ይዞ የመጣ ሙሽራ ዛሬ አየሁ። ለመሆኑ ልጃችሁን ጠይቃችሁታል?»

«አሁን እየጠየቅነው ነው» አሉ የኔታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አለኸኝ፣ እኔ ጨርሻለሁ። ግድግዳ ተደግፌ የምቀድሰው እስከ መቼ ነው? አካሉን ስታመጣልኝ ዲያቆኑ ሞላ፣ አንተ ተረፍክ። ሰው ሳይተርፍ አንተን ከዲቁናው ማንሳት አልችልም ነበር። አሁን ካገባህ ደሴ ወርደህ ቅስና ትቀበላለህ፣ እኔም አርፋለሁ። እሄዳለሁ ካልክ ግን አሁን ተናገር። አልረግምህም። ዣንጥላዬን መልስልኝና ሂድ።»

ይኸውልሽ፣ አመልጥበታለሁ ያልኩትን በር ራሴ ተሸክሜ አምጥቼ ራሴ ላይ ገጠምኩት።

ከበሩ ጀርባ ደግሞ ሙሉሐረግ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ሻርጃ የሚሄድ ከሆነ ዛሬውኑ ይሂድ። እኔ ስልክ አላገባም፤ ያውም ኔትወርክ የሌለውን!» አለች። ከቀረሁስ? ያንን አልተናገረችም። ግን በሩን አልዘጋችውም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ማን ትዝ አለኝ መሰለሽ? አንቺ። ጃኬቱ፣ ኮፍያው፣ ያቺ አማርኛ የተማረችው ልጅ። እሄዳለሁ ልል አፌን ስከፍት የአባትሽን እግር አየሁ። ከጉልበታቸው በታች ቀሚሳቸው ይንቀጠቀጣል። ነፋስ አልነበረም። ወንበሩ አጠገባቸው ነው፣ ግን መልስ ካላገኙ አይቀመጡም። ብዘገይ ይዘገያሉ።

«የኔታ፣ ይቀመጡ» አልኩ።

ተቀመጡ። በቃ፣ መልሴ ይኸው ሆነ፤ ሁሉም ገባቸው። ሲቀመጡ ከደረታቸው የወጣውን ትንፋሽ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ስለዚህ አልመጣም፣ እቴ። ሠርጉ ለጥር ነው። እስከዚያ የኔታ በዓል በዓሉን ብቻ ይቀድሳሉ፤ ለእሑዱ ከወግዲ አንድ ቄስ እየመጡ ይረዱናል። ምርቃታቸውን ቃል በቃል ጻፍ ብለሽኝ ነበር። ለእኔ ያሉት የለም። ለአንቺ ግን «እሷን ብቻዋን አስቀረኋት፤ ይህን ሚካኤል ይየውና ይፍረድብኝ» አሉ።

አንቺ አትምጣ ብለሽኝ ነበር። እኔ ነኝ ጎትጉቼ ተስፋ ያሲያዝኩሽ። አፉ በይኝ።

አለኸኝ


ሻርጃ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአለኸኝ፣

በመጀመሪያ ለአባባ፦ ሚካኤል የሚፈርድበት ነገር የለም በልልኝ። ጮክ ብለህ ንገራቸው፤ መስማት የማይፈልጉትን ነገር አይሰሙም። ከዚያ ለሙሉሐረግ፦ እንኳን ደህና መጣሽ፣ የምትገቢበትን አውቀሽ ግቢ።

ላንተ ግን ወዲያው ምርቃት አልወጣልህ አለኝ። ተቆጥቻለሁ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ጃኬቱን አውጥቼ ምድር ላይ ጣልኩት፤ ከዚያ ማዳም ምን ወደቀ ስትል አንሥቼ አጣጠፍኩት። ና ስልህ ለአንተ ብዬ አልነበረም። ለራሴ ብዬ ነው። ያንን ስላልጻፍኩልህ በአንተ መፍረድ አልችልም፤ ግን ተቆጥቻለሁ። ትንሽ ልቆጣና ይለፍልኝ።

የማዳም ወንድም ሌላ ሰው አግኝቷል። እሱን አታስብ።

አንተ ትመጣበት ለነበረው ቀን ወንድሜን ልቀበል ብዬ ከማዳም የአንድ ቀን ፈቃድ ለምኜ ነበር። መቅረትህን አልነገርኳትም። ጠዋት ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላሰብኩም ነበር፤ አውቶቡሱ ኤርፖርት አደረሰኝ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሰዎች አበባና ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው በሩን ያያሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን ሰው ወጣ፤ እኔም ቆሜ አየሁ። አንዲት ልጅ እናቷን አቅፋ ስትጮኽ አየሁና ዞር አልኩ።

ከዚያ ዳር ያለ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አውጥቼ ለበስኩ። ትንሽ ልረፍና እሄዳለሁ ስል እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ሻንጣ በአጠገቤ ይጎተታል፣ በድምፅ ማጉያው ይጠራሉ፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ እኔን የሚጠራ የለም። ስነቃ መስታወቱ ላይ ፀሐይ ዞሯል። ማንም ተነሺ አላለኝም፣ አለኸኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

እህትህ ጸደንያ